«ከሩቅ አይታይም»

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከርሟል።

ጊታሬን ቀለም ላስቀባ ሰጠሁ። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀዩ ቀለም ተልጦ እንጨቱ ወጥቶ ነበር፣ ጥቁር ይሁንልኝ አልኩ። ጊታር የሚቀባ ባለሙያ ስላጣሁ መኪና የሚቀቡበት ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ መርጨቱን ይችልበታል፣ ይህን አልክድም። ፊቱ እንደ መስታወት ነው የወጣው። እኔን ያቃጠለኝ ጠርዙ ነው።

ጊታር ለማታውቁ፦ በአንዳንድ ጊታሮች አካል ዙሪያ ክሬም ወይም ነጭ መስመር ይዞራል። ባይንዲንግ ይባላል። ቀለም አይደለም፤ የእንጨቱ ጠርዝ ተቦርቡሮ የተጣበቀበት ፕላስቲክ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል ቢሆን ነው። ለጌጥ ብቻም አልተሠራም። ጠርዙን ከግጭት ይጠብቃል፣ ተቆርጦ የተጋለጠውን እንጨትም ከእርጥበት ይሸፍናል። ለእኔ የነጠላ ጥለት ማለት ነው። ነጠላው የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ጥለቱ ላይ ቀለም ከፈሰሰበት ማን ይለብሰዋል?

ስሰጠው ደጋግሜ «ይቺን መስመር አደራ» ብዬዋለሁ። «ችግር የለም ወንድሜ፣ እኛ ስንት መኪና የምንቀባ!» አለኝ።

የሸፈነው በተራው ሰፊ የወረቀት ፕላስተር ነው። እሱ ቀጥ ያለ የመኪና በር ላይ ይሠራ ይሆናል። የጊታር ወገብና ቀንድ በምንለው ሹል ጫፉ ላይ ግን ሲታጠፍ ይሸበሸባል፣ በእያንዳንዷ ሽብሽብ ሥር ደግሞ ቀለም ሰርጎ ይገባል። በዚያ ላይ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አወፍሮ ረጨው፤ ፕላስተሩን የላጠውም ቀለሙ ድርቅ ካለ በኋላ ነው። አንዱ ጋ ጥቁሩ ክሬሙ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ገብቷል፣ ሌላው ጋ ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞት ተነስቷል።

ከዚህ የባሰው ማረሚያው ነው። ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ጠረገው! አሴቶን ያለበት ቲነር እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያሟሟዋል እኮ። አራት ጣት የሚያህል ቦታ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ፣ ጥቁሩ ውስጡ ገብቶ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሳሳየው የመለሰልኝ ምን መሰላችሁ? «ከሩቅ አይታይም።»

ከሩቅ! ጊታር ደረቴ ላይ ነው የሚውለው። ለመጫወት ባቀረቀርኩ ቁጥር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ያስቀባሁት ለተመልካች ብዬ አይደለም። ደግሞ ይቺን ቃል የሰማሁት እሱ ጋ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሴራሚክ ያነጠፈልኝም፣ ቁምሳጥን የሠራልኝም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ቁምሳጥኑን በየቀኑ የምከፍተው እኮ በእጄ ነው፣ ከማዶ ሆኜ አይደለም።

የሚያናድደው መላ ያለው ነገር መሆኑ ነው። ቀጭን፣ ሦስት ሚሊ የምትሆን የፕላስቲክ ቴፕ አለች፤ መኪና ላይ መስመር የሚያወጡባት ናት፣ ከኩርባው ጋር አብራ ትታጠፋለች። መጀመሪያ ቴፑ ላይ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ስስ አድርጎ ቢረጭ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፣ ጥቁሩ መግቢያ ያጣል። ከዚያ ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ፣ ቀለሙ ሳይጠነክር ቴፑን መላጥ። ጊብሰን የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ኩባንያ ደግሞ ቀለም ከተረጨ በኋላ ሠራተኞቹ ስለት ይዘው ባይንዲንጉን በእጃቸው እየፋቁ ያወጡታል። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምናውቀው ያ ሌስ ፖል የተባለው የጊታራቸው ክሬም ጠርዝ የሰው እጅ ያረፈበት ነው። ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ያልናቀውን መስመር እኛ ለምን እንንቃለን?

አሁን ማታ ማታ ራሴ እየፋቅኩት ነው። የምላጩን ሁለት ጫፍ በቴፕ ጠቅልዬ የመስመሩን ስፋት ያህል ብቻ ክፍት ትቻለሁ፣ እንጨቱ ጋ ያለውን ቀለም እንዳይነካብኝ። ምላጩን ቀጥ አድርጎ መያዝና ወደ ራስ መጎተት ነው፤ ከገፉት ይነክሳል። ትናንት በሁለት ሰዓት አንድ ስንዝር ተኩል ሠራሁ። ክሬሙ ከሥር ብቅ ሲል ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው።

በቲነር የሟሟው ቦታ ግን በመፋቅ አይድንም፤ ተቆርጦ መተካት አለበት። ክሬም መልክ ያለው፣ አንድ ሚሊ ተኩል ውፍረት፣ ስድስት ሚሊ ስፋት ያለው ባይንዲንግ እፈልጋለሁ። ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ወይም ከድሮ ጊታር የተረፈ ያላችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።