ዝቅተኛውን ክፍያ በክብር ለሚከፍሉ

ስለ አርበኞች ብዙ ተዘፍኗል፤ ስለ ሰማዕታትም ብዙ ተጽፏል። ደመወዙ ኪሱ ሳይገባ አውጥቶ የጨረሰውን፣ በወሩ መጨረሻ ካለበት ዕዳ ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ከፍሎ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደውን ሰው ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነው የለም። ይህ ነውር ነው። ሌላው ሰው ባንክ የሚሄደው ሊጠቀም ነው፤ ሊጠቅም የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለእሱ ነው፤ ክሬዲት ካርዱን እንደ ደመወዝ ጭማሪ ለሚቆጥረው፣ ባንኩ «በየወሩ ቢያንስ ይህን ያህል ክፈል» የሚለውን ዝቅተኛውን ክፍያ ባስገባ ቁጥር «ግዴታዬን ተወጣሁ» ብሎ እፎይ ለሚለው ጀግና።

አባቶች «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይሉ ነበር። አይፈረድባቸውም። ጎረቤትየውም በተራው እንደ ሌላ ጎረቤቱ የሚኖርበት፣ ያኛውም እንዲሁ፣ በመንደሩ ውስጥ አንድም ሰው እንደ ራሱ ቤት የማይኖርበት ዘመን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም። ደግሞስ በገቢ ልክ መኖር ምኑ ይወደሳል? የገባውን ማየት፣ የሚወጣውን ከእሱ ማሳነስ፣ በቃ። መደመርና መቀነስ የሚችል ልጅ ሁሉ ይሠራዋል። ዕዳን ማስተዳደር ግን ሙያ ነው፤ ቀን ይቆረጥለታል፣ ማስታወሻ ይያዝለታል፣ እንቅልፍ ይታጣለታል።

ለመድኃኒት ወይም ለቤት ኪራይ ሲል ካርዱን የሳበ ሰው በዚህ የክብር መዝገብ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ከወዲሁ ይታወቅልኝ። እሱ የተበደረው ቸግሮት ነው፤ ችግር ደግሞ ማንንም ያስበድራል። የእኛ ጀግና የሚበደረው ሳይቸግረው ነው። ባለፈው ዓመት የገዛው ስልክ በደንብ እየሠራ ሳለ አዲስ ስልክ ለመግዛት ይበደራል። ከዕዳው ጭንቀት ለማረፍ ሽርሽር ይሄዳል፤ የሽርሽሩን ወጪ በዕዳው ላይ ይጨምራል። ይህን ለማድረግ የተለየ ልብ ያስፈልጋል።

የዚህ ሥልጣኔ አጀማመር ግን አሳፋሪ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 አሜሪካ ውስጥ ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ ሲወጣ፣ ባለ ካርዱ በየምግብ ቤቱ የበላበትን በወሩ መጨረሻ አሟልቶ እንዲከፍል ይጠበቅበት ነበር። አሟልቶ! ይህ ቀን መግፋት እንጂ ብድር አይባልም። ደግነቱ በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ 60,000 ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ ለነዋሪዎች ላከ፤ ቀሪውን ዕዳ ወለድ እየከፈሉ ወደሚቀጥለው ወር ማንከባለልም ፈቀደ። ባንኩ በጊዜው የማይከፍሉት 4 ከመቶ ቢሆኑ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ካርዱ በግዛቲቱ ሲሠራጭ 22 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ደንግጦ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ባንኩ ግን ታገሠ፤ ያ ካርድ ከ1976 ጀምሮ ቪዛ በሚል ስም ዓለምን ይዞራል። የአሜሪካ ሕግ ሳይጠየቁ ካርድ መላክን የከለከለው በ1970 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ያን ጊዜ ሰዉ ራሱ ማመልከቻ መሙላት ለምዶ ነበር።

በ1978 ደግሞ የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ብሔራዊ ባንክ በተቋቋመበት ግዛት የተፈቀደውን ወለድ በሌላ ግዛት ከሚኖሩ ደንበኞቹም ላይ ማስከፈል ይችላል ብሎ ወሰነ። ብዙ ሳይቆይ ደቡብ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም የካርድ ሥራውን ጠቅልሎ ወደዚያ ገባ። በአንዱ ግዛት እንደ አራጣ የሚቆጠረው አድራሻ ሲቀይር ወለድ ሆነ ማለት ነው። ጀግናችን ይህን ታሪክ አያውቅም፤ ማወቅም አያሻውም። እሱ የሚያውቀው ካርዱ አንጸባራቂ መሆኑን ነው።

እስቲ የሂሳብ መግለጫውን ሲከፍት እንመልከተው። ከላይ የዕዳው ጠቅላላ መጠን ተጽፏል፤ እሱን አያየውም፤ ጨዋ ሰው በማያገባው ነገር ላይ አያፈጥም። ቀጥሎ የመክፈያው ቀን አለ፤ እሱን ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ከዚያ ዓይኑ በደማቁ የታተመው ዝቅተኛ ክፍያ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ይፈካል። «3,000 ብቻ!» ይላል። ዕዳው 100,000 ነው፤ የዓመቱ ወለድ 24 ከመቶ፣ የወሩ 2 ከመቶ። ከ3,000ው ውስጥ 2,000ው ወለድ ሆኖ ይሄዳል፤ ዕዳው የሚቀንሰው በ1,000 ነው። በሚቀጥለው ወር ዕዳው ትንሽ ስለቀነሰ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ይቀንሳል፤ ባንኩ ደንበኛው እንዲጎዳ አይፈልግማ! አንድም ቀን ሳያሳልፍ፣ አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ (ይህን ለስሌቱ እንዲመች ብቻ እንገምተው እንጂ ጀግናችንን አልሰድብም) ዓመቱ ሲያልቅ ከ34,000 በላይ ከፍሏል። ዕዳው የቀነሰው ግን በ11,000 እና በጥቂት መቶዎች ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይላሉ እንጂ ሲወቅጡት ያሳለፉት ጊዜ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ አይናገሩም። በዚህ አካሄድ ዕዳው እኩሌታው ላይ እስኪደርስ 5 ዓመት ከ9 ወር ይፈጃል።

አንዳንድ ምቀኞች ሌላ ስሌት ያመጣሉ። ዝቅተኛው ክፍያ ሲቀንስ አብሮ ሳይቀንስ ያንኑ የመጀመሪያውን 3,000 በየወሩ ቢያስገባ፣ ዕዳው ተጠናቆ የሚያልቀው 5 ዓመት ሳይሞላ ነው ይላሉ። 5,000 ቢያደርገው ደግሞ በ26 ወር ነጻ ይወጣል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከባንክ ጋር የተመሠረተን ዝምድና እንዲህ በችኮላ መቁረጥ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2009 ባወጣው ሕግ፣ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳውን ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት በየወሩ መግለጫ ላይ በግልጽ እንዲታተም አስገድዷል። ለቀባሪው አረዱት! ጀግናው ማስጠንቀቂያው የሰፈረበትን ሠንጠረዥ አልፎ፣ የመክፈያውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የጀግንነቱ ማማ ግን የገንዘብ መክፈያው መስኮት ነው። ከኋላው ሰልፍ አለ። የመጀመሪያውን ካርድ ያቀርባል፤ መሣሪያው አፍታ ያስብና ቀይ መብራት ያበራል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌላ ካርድ ይኖርዎታል?» ትለዋለች። ይኖረዋል እንጂ! የኪስ ቦርሳውን ይከፍታል፤ ካርዶቹ በማዕረግ ተደርድረዋል። ሁለተኛውን ከማቅረቡ በፊት እጅጌው ላይ ይጠርገዋል፤ ጥፋቱ የአቧራው ነበርና። እሱም እንቢ ሲል «የመሥመር ችግር መሆን አለበት» ብሎ ከኋላው ወዳለው ሰልፍ ዞር ይላል፤ ሰልፈኛው በሙሉ ጣሪያውን ሲመለከት ያገኘዋል። ሦስተኛው ካርድ ያልፋል። ሰውየው ዕቃውን አንሥቶ ሲወጣ አረማመዱን ያየ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ይመስለዋል። የገዛው ነገር አስፈላጊ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ ጥያቄውም ከቅናት በቀር ከየትም አይመጣም።

ነጥቦቹንስ ረሳሁ እንዴ? በገዛ ቁጥር በኋላ በአውሮፕላን ትኬት የሚመነዘር ነጥብ ይጠራቀምለታል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለድሆች ነው የተተረተው፤ የእሱ ላም ቁጥር አላት፣ በስልኩ ላይ ትታያለች። ነጥቡ ከወጪው 1 ከመቶ ያህል ይመልስለታል፤ ባንኩ ደግሞ በዓመት 24 ከመቶ ይወስዳል። በ1 እና በ24 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያነሣ ሰው ስለ አውሮፕላን ትኬት ምንም አያውቅም።

ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የስፖርት ጨዋታ መግቢያ ትኬት ለጨረታ አቅርበው ነበር። በካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው ተጫራቾች በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት ሁለት እጥፍ ገደማ ዋጋ ሰጡ። ትኬቱ ያው ነው፤ ወንበሩም ያው ነው። ከዚህ የምንረዳው ካርድ ሰውን ለጋስ እንደሚያደርግ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ምስኪን ኖቱን ሲቆጥር እጁ ይከብደዋል፣ አንዱን መልሶ ኪሱ ይከታል። ባለ ካርዱ የሚቆጥረው የለውም፤ ካርዱ የገባው ያህል ሆኖ ተመልሶ ይወጣል።

ዕዳውን ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ስለሚያዛውሩት ልሂቃን ብዙ አልልም፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሲሄዱ በየመንገዱ የማዛወሪያ ክፍያ የሚከፍሉ መሆናቸውን ብቻ መዝግቡልኝ። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጡትም እንዲሁ፤ በአብዛኞቹ ካርዶች ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከማሽኑ ከወጣበት ቀን ነው፤ የእፎይታ ጊዜ አይሰጠውም። እፎይታን የማይፈልግ ሰው ምን ዓይነት ጽናት እንዳለው እናንተው ገምቱ።

በተቃራኒው ቆሞ ሰላማችንን የሚነሣ አንድ ወገን አለ። ካርድ ይይዛል፤ ይገዛበታል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ሂሳቡን አሟልቶ ይከፍላል። ወለድ አይከፍልም፣ ቅጣት አያውቅም፣ ነጥቡን ግን ይሰበስባል። ይህ ሰው የሚበላው የጀግናችንን ላብ ነው። የባንኩ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ግድ የለውም። በአነጋገሩም ያስቆጣል፤ «ያለኝን ያህል ነው የማወጣው» ይላል፤ ያለው ስንት እንደሆነ ማወቁን እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል! ሁሉም ሰው እንዲህ ቢሆን በብድር የሚነዳው መኪና፣ በብድር የሚደገሰው ልደት፣ በብድር የሚነሣው ፎቶ ሁሉ በቆመበት ይቀር ነበር።

ለማንኛውም፣ ከእነዚህ ጀግኖች አንዱ ወዳጄ ነው፤ የሙያውን ጥግ ያሳየኝም እሱ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ሠንጠረዥ አቀረበልኝ። ካርዶቹ በቀለም ተለይተዋል፤ የየካርዱ የመክፈያ ቀን፣ ወለድ፣ የብድር ጣሪያ፣ የቀረው ክፍት ቦታ፣ የተጠራቀመው ነጥብ፣ የትኛው ካርድ የየትኛውን ዝቅተኛ ክፍያ እንደሚሸፍን የሚያሳዩ ቀስቶች። መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያገኝ ኖሮ ዕድገት ይሰጠው ነበር። እያደነቅሁ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ግራ ተመለስኩ፣ ወደ ታች ወረድኩ።

«የደመወዝህ ዓምድ የቱ ጋ ነው?» አልኩት።

ሥራው ያልገባው ሰው መሆኔን አይቶ በትዕግሥት አስረዳኝ።

«እሱ እዚህ ውስጥ አይገባም» አለኝ። «ሠንጠረዡን ያበላሽብኛል።»