ለሐኪሙ የሕመሙን ውሎ ንገሩት

ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ብዙዎቻችን ሐኪም ፊት የምንቀርበው በሽታችንን ራሳችን ሰይመን ነው። ወገቡን ያመመው «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ከእንብርቷ በላይ የሚያቃጥላት «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ትላለች። ትኩሳትና ቁርጥማት አብረው ከመጡማ ያው ደንጊ ነው፤ ካልሆነም ቺኩንጉንያ፤ ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው ናቸው። የ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ ወረርሽኝን ያየ የድሬ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ችግሩ፣ የበሽታ ስም ተናግረን ሕመሙን ሳንናገር መውጣታችን ነው። ሐኪሙ መስማት የሚፈልገው ሌላ ነው። መቼ ጀመረ? የት ነው፣ ወዴትስ ይሄዳል? ይወጋል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል ወይስ ይጠዘጥዛል? ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል? ጉልበትን እንውሰድ። አንዱ ጠዋት ተሳስሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፍታታ ይላል። ሌላው ሲውሉበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻለዋል። ሁለቱ ሐኪሙን ወደተለያየ ጥርጣሬ ነው የሚመሩት። «ጉልበቴን ያመኛል» ብቻ ግን አይለያቸውም።

ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ደብተር ላይ መመዝገብ ይበጃል። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አያሳምነኝም፤ የአንዱ 8 ለሌላው 4 ነው። የሚጠቅመው ከራስ የትናንት ቁጥር ጋር ሲተያይ ነው። «ሌሊት ቀሰቀሰኝ»፣ «ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር በእግሬ መሻገር አቃተኝ» የሚለው ግን ለማንም ይገባል። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር አያት በልጅ ልጇ አስተርጓሚነት ስትታከም ደግሞ፣ ልጁ «ያማታል» ብሎ ያሳጠረውን ደብተሩ ይሞላዋል።

ሁለት ነገር እንደብቃለን፦ ክኒንና ጫት። ከመድኃኒት ቤት ገዝተን የዋጥነው የሕመም ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ዳይክሎፌናክ፣ መጻፍ አለበት። ደንጊ ከተጠረጠረማ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመድማት አደጋ ስለሚጨምሩ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ጫቱንም ተናገሩ አቦ! (ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጣ።) ምርቃና ላይ ተረስቶ ማታ የሚመለስ ሕመም «ከሰዓት ይሻለኛል» ተብሎ ብቻ ከተነገረ ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ለሚሰጥ ሕመም ነው። ደረትን አፍኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና ላብ የሚያመጣ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ደብተሩን ትቶ ባገኙት ባጃጅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።