እርማት፦ የመረጥነውን ተወካይ ማውረድ እንችላለን

ሰሞኑን ብዙ ሰው «የፓርላማ አባል አንዴ ከተመረጠ ቃሉን ቢበላም አምስት ዓመት እስኪያልቅ የሚነካው የለም» እያለ ነው። ብስጭቱ ይገባኛል። መንገድና ውሃ ቃል ተገብቶለት ዝም የተባለ ሕዝብ ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን አባባሉ ትክክል አይደለም።

የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7ም ይህንኑ ለምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 4ን እዩልኝ። አባሉ ተገዢ የሚሆነው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል የለበትም!

ሥራ ላይ ማዋሉ ቀላል ነው አልልም፤ ፊርማ ማሰባሰብም ሆነ መደራጀት አድካሚ ነው። መብቱ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ግን ተወካዩን መጠየቅም ያቆማል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ማረጋገጥ የፈለገ የአማርኛውን ቅጂ ይክፈት። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው እሱ ነው።