ባሩድ የገባበት ፋንታሲ ፋንታሲ አይደለም የምትሉ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ

ፋንታሲ፣ ማለትም አስማት ያለበት የምናብ ዓለም ልቦለድ፣ የሚያነቡ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ፣ ጠመንጃ ከገባ ድግምቱ አለቀለት የሚል። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሰይፍና ዘንዶ ያለበት ዓለም ሩቅ ነው፣ ባሩድ ግን ፋብሪካ ፋብሪካ ይሸታል፣ ደሞ እድሜ ልኩን ሲማር የኖረን አስማተኛ ጥቂት ሳምንት የሰለጠነ ገበሬ ከሩቅ መትቶ ከጣለው አስማተኛ መሆን ምን ይጠቅማል ነው የሚሉት። እኔ ግን የምቃወማቸው በዚችው ምክንያት ነው። ያ ገበሬ ጠመንጃውን ይዞ አስማተኛው ፊት ሲቆም ነው እኮ ታሪኩ የሚጀምረው!

ይሄን እንድል ያደረገኝ የብራያን ማክሌላን «ፓውደር ሜጅ» ነው። ሦስት መጽሐፍ ነው፣ «ፕሮሚስ ኦፍ ብለድ» እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፣ «ዘ ክሪምሰን ካምፔይን» በ2014፣ «ዘ ኦተም ሪፐብሊክ» በ2015። ከዛ በኋላ የታሪኩ ቀጣይ የሆኑ ሌላ ሦስት መጽሐፎች ከ2017 እስከ 2019 ጨምሯል፣ እዚህ ግን የማወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ነው። ታማስ የሚባል ሽማግሌ ፊልድ ማርሻል (ከፍተኛ የጦር አዛዥ) በአንድ ሌሊት ንጉሡን ይገለብጣል፣ የንጉሡን አስማተኞች ያስጨርሳል፣ ንጉሡ ራሱ በጊሎቲን ይቀላል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1793 ፓሪስ ላይ የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው ምስሉ ወዲያው ይመጣለታል። ብዙ ፋንታሲ የሚያልቀው ክፉው ንጉሥ ሲወድቅ ነው፣ እዚህ ግን ንጉሡ የሚወድቀው ገና መጀመሪያው ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ጣጣ ነው መጽሐፉ።

አስማቱ ሁለት ወገን ነው (ሌላም አለ ግን ልለፈው)። አንደኛው ፕሪቪሌጅድ የሚባሉት፣ ምልክት የተጠለፈበት ነጭ ጓንት አድርገው ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ እሳትና መብረቅ የሚያዘንቡ፣ በየንጉሡ ግቢ የሚቀለቡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ የባሩድ አስማተኞች ናቸው። እነዚህ ቆንጠር አድርገው ባሩድ ምላሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ ወይ በአፍንጫቸው ይስቡታል፣ በቃ ጨለማው ይገለጥላቸዋል፣ ህመም አይሰማቸውም፣ ጥይታቸው ማንም ከማይደርስበት ርቀት ይደርሳል፣ የጠላትን ባሩድ ደሞ ከሩቅ ሆነው ማፈንዳት ይችላሉ። ሲበዛባቸው ግን እንደ ማንኛውም ሱስ ይጥላቸዋል። እና ልብ በሉ፣ የነዚህ ሰዎች ኃይል የሚመጣው ከደም ሐረግ ብቻ አይደለም፣ ወፍጮ ላይ ከሚፈጭ፣ በበርሜል ከሚጫን፣ ዝናብ ከሚያበላሸው፣ ከሚያልቅ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ስለ እውነተኛው ጠመንጃ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚጣፍጠው እሱን ስታውቁ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወታደር በወረቀት የተጠቀለለውን ባሩድና እርሳስ ከወገቡ ያወጣል፣ ጫፉን በጥርሱ ይነክሰዋል፣ ትንሽ እሳት የሚጭረው ባልጩት ስር ያለው ቦታ ላይ ያፈሳል፣ ይከድነዋል፣ የቀረውን በአፈሙዙ ይጨምራል፣ በዘንጉ ጠቅጥቆ ያወርዳል፣ ዘንጉን ይመልሳል፣ ከዛ ነው ቃታ የሚስበው። ይሄን ሁሉ እየተተኮሰበት ቆሞ። ጎበዝ የሰለጠነ ወታደር በደቂቃ ሦስት ጊዜ ገደማ ይተኩሳል፣ ከ100 ሜትር ካለፈ አንድን ሰው ለይቶ መምታት ከባድ ነው፣ ለዛ ነው ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ ላይ የሚተኩሱት። ባሩዱ ደሞ ሦስት አራተኛው የሚሆነው ጨው የሆነው ናይትሬት ነው፣ የቀረው ከሰልና ድኝ፣ ስለዚ ደጋግሞ የነከሰ ወታደር አፉ ይደርቃል፣ ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ከንፈሩ ዙሪያ ይጠቁራል። ታማስ ባሩድ ምላሱ ላይ ሲያደርግ እኔ የታየኝ ያ የጠቆረ ከንፈር ነው። ተራው ወታደር የሚሰቃይበት ነገር ወደ አስማት ሲቀየር ከዚህ በላይ ቅርብ የሆነ አስማት አላነበብኩም።

ጭሱም አለ። ጭስ የማይወጣው ባሩድ ፈረንሳይ ውስጥ የተሰራው በ1884 ነው፣ ከዛ በፊት ጥቂት ዙር ከተተኮሰ በኋላ ሜዳው በነጭ ጭስ ይዋጣል፣ ጄኔራሉ የራሱን ሰው አያይም። እንደዚህ ባለ ሜዳ ላይ ከሌላው አርቆ የሚያይና የሚሰማ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ደራሲው ደሞ መድኃኒቱንም አስቀምጧል፣ የወደድኩትም እሱን ነው። ጠላት እነዚህን አስማተኞች ለመግደል በአየር ግፊት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፣ የሚፈነዳ ባሩድ ስለሌለው ምንም ሊያደርጉት አይችሉም። ይሄ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ የኦስትሪያ ጦር በ1780 ጂራርዶኒ የተባለውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፣ ወደ 20 ጥይት በተከታታይ ያለ ጭስ ይተኩሳል። ወርቅ ደም ውስጥ ከገባ ደሞ ኃይላቸው ይጠፋል። ድክመቱ በግልጽ የተቀመጠ አስማት ውጊያውን ያስጨንቃል፣ ምክንያቱም ጀግናው በየትኛው በኩል እንደሚሞት ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ታማስ ከሁለት ብርጌድ ጋር ጠላት አገር ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ስንቅ የለም፣ ከኋላ ፈረሰኛ ይከታተላቸዋል፣ ፈረስ እስከ መብላት ይደርሳሉ። ጠመንጃ ያለበት ጦርነት ትልቁ ጥያቄ ማን ጎበዝ ነው ሳይሆን ዳቦውና ባሩዱ ማን ጋ አለ ነው፣ ድግምት ብቻ ያለበት ፋንታሲ ይሄን ጥያቄ ዘሎት ያልፋል፣ ሰራዊቱ ምን በልቶ እንደሚያድር አትሰሙም።

የሚያናድደኝ ነገር የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለሴቶቹ በጣም ስስታም ነው። ኒላ የምትባል ልብስ አጣቢ አለች፣ አብዮቱን ከታች ሆና የምታየው እሷ ናት፣ ቤቱ ሲወረር፣ ወታደር ሲገባ፣ የጌቶቿን ልጅ ይዛ ስትሸሽ። ግን ገጾቿ ትንሽ ናቸው፣ ገና ስትጀምር ታሪኩ ወደ ማርሻሉና ወደ ማርሻሉ ልጅ ይመለሳል። እኔ ብሆን የመርማሪውን የአዳማትን ገጾች ቀንሼ ለሷ እሰጥ ነበር። ብዙ ሰው አንደኛውን ጨርሶ የሚያቆመውም በዚህ ይመስለኛል፣ ግን እባካችሁ አታቁሙ፣ ሁለተኛው ላይ ያቺው ልብስ አጣቢ፣ ማንም ያላስተማራት፣ ያ ነጭ ጓንት ሳይኖራት፣ ባዶ እጇ ላይ እሳት ታያለች። እዛ ገጽ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ተመልሼ አንደኛው ላይ ያለውን ሁሉንም የሷን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩት።