ከባለቤቱ ያወቀ ደጋፊ

የክርክሩ ጥያቄ፦ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የክለቡን ባለቤቶች፣ አሜሪካዊውን የግሌዘር ቤተሰብ፣ ለማስወጣት ብለው ጨዋታ እስከማስቀረት መድረሳቸው ልክ ነበር? «አልነበረም» የሚሉት ዩናይትድን ከአዲስ አበባ ሆነው ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጸሐፊ ናቸው። «ልክ ነበር» የሚለው ማንችስተር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ

የፋሲካ ዕለት ነበር። በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 2013፣ በፈረንጁ ሜይ 2 ቀን 2021። ዶሮውን በልቼ፣ እንግዶቹን ለባለቤቴ ጥዬ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። ዩናይትድ ከሊቨርፑል፣ ምሽት 12፡30። ሃያ ብር ከፈልኩ። የፊት አግዳሚ እንዳያመልጠኝ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የገባሁት።

ኳስ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጭስ ነው። ሰው ሜዳው ላይ ይሯሯጣል። አንዱ ጎሉ ላይ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ «ዘግይቷል» አሉን። ቆይተው «ሌላ ቀን ተዛውሯል» አሉን። ብራችን ይመለስ ስንል የቤቱ ልጅ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ቴሌቪዥን አይታችሁ የለ እንዴ?» ብሎን እርፍ።

ተቃውሞ የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው። ግሌዘሮች የዚያን ቀን ምን ጎደለባቸው? እነሱ ውቅያኖስ ማዶ ናቸው። የተጎዳው ፊቱን የተቆረጠው ፖሊስ ነው። ጨዋታው ከ11 ቀን በኋላ ተካሄደና ሊቨርፑል 4 ለ 2 ደቁሶን ሄደ። ያተረፍነው ይህን ነው።

ግሌዘሮችን እወዳለሁ አላልኩም። ግን ዩናይትድ አክሲዮኑ ገበያ ላይ የሚሸጥ ክለብ ነበር። በ2005 ከፍለው ገዙት። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ሊጉን በልተናል። በ2008 ሞስኮ ላይ ቼልሲን በፔናልቲ ረትተን ቻምፒዮንስ ሊጉን አንስተናል። ያኔ አጥር የዘለለ አላየሁም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል።

ከማንችስተር

ጋሼ፣ ቢዘገይም እንኳን አደረስዎ። ለእኔም ፋሲካ ነበር። ኮሮና ስለነበር ቅዳሴውን የሰማሁት በስልክ ነው። ከዚያ የተቃዋሚዎቹ ምልክት የሆነውን አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፌን አንገቴ ላይ ጠቅልዬ ወደ ዩናይትድ ስቴዲየም፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ ሄድኩ። አጥር አልዘለልኩም። ውጪ ነበርኩ።

«ከባለቤቱ ያወቀ» አሉን። ደግ፤ ባለቤቱ ማነው? ክለቡን በ1878 ያቆሙት ኒውተን ሂዝ የሚባል ሰፈር የሚሠሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። አረንጓዴና ወርቃማው የእነሱ ማሊያ ቀለም ነው። በ2010 የቀድሞው ተጫዋቻችን ዴቪድ ቤካም እንኳ ከሚላን ጋር መጥቶ ከተሸነፈ በኋላ ያንን ስካርፍ አንስቶ አንገቱ ላይ አድርጎታል።

«ከፍለው ገዙት» አሉ ደግሞ። በምን ከፈሉ? ዋጋው ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። አብዛኛው ብድር ነው። ክለቡ ያኔ ዕዳ አልነበረበትም። የቤተሰቡ አባት ማልኮም ግሌዘር ሲገባ ከ500 ሚሊዮን በላይ ዕዳ ተሸከመ። አንድ ሰው ቤትዎን ሊገዛ መጣ እንበል። እርስዎ የሚኖሩበትን ቤት አስይዞ ተበደረ። ወለዱን ደግሞ ከእርስዎ ኪስ አደረገው። ይህን ሰው ባለቤት ይሉታል? እስከ ዛሬ በወለድ፣ በትርፍ ክፍፍልና በልዩ ልዩ ክፍያ ከክለቡ የወጣው ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ ያልፋል። ስቴዲየሙ ግን ያፈሳል። በ2024 ከአርሰናል ጋር በተደረገው ጨዋታ ዝናቡ ከጣሪያው እንደ ፏፏቴ ነው የወረደው።

ደግሞም ሰው ከመሬት ተነስቶ አልተቆጣም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 12 ሀብታም ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ግቢ አጥረው ሊገቡ ነበር። የዚያ ሊግ ምክትል ሊቀመንበር የማልኮም ልጅ ጆኤል ግሌዘር ነበር። ይህችን ዘለሏት።

ስለ ሃያ ብርዎ አዝናለሁ። ግን ላሳዝንዎትና፣ ነገሩ የሚመለከተው ዝናብ እየመታው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ነው። ቴሌቪዥን የሚያየውን ሰው እምብዛም አይመለከትም።

ከአዲስ አበባ

«ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው።» አመሰግናለሁ።

በ1999 ባርሴሎና ላይ ባየርንን ስናሸንፍ፣ ሼሪንግሃም አቻ ሲያደርገን፣ ሶልሻየር ሲጨርሰው፣ እኔ ጎረቤት ቤት በር ላይ በሰው ትከሻ መሃል አንገቴን አስግጌ ነበር። አንተ ያኔ የት ነበርክ? ፊደል እየቆጠርክ ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሜይ 2 ቀን ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ ስንት ባለ ትኬት ሊገባ ነበር? ኮሮና ነው፤ አንተው ብለኸዋል። ስቴዲየሙ ባዶ ነው። ትኬት የቆረጠ አንድ ነፍስ የለም። ታዲያ ያ ጨዋታ የተዘጋጀው ለማን ነው? ለእኔ ነው፤ ቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው! የሰረቃችሁት የእኔን ጨዋታ ነው። አንተ ውጪ ቆመህ ምንም አልቀረብህም፤ ድሮም መግባት አትችልም ነበር።

ደግሞ ማሊያው ላይ ስሙን ለመለጠፍ ኩባንያው ያን ሁሉ ሚሊዮን የሚከፍለው ለማንችስተር ሰፈር ሰዎች ብሎ ነው? አዲስ አበባ፣ ሌጎስ፣ ጃካርታ ስለምናየው ነው።

ቤካምን ባትጠራው ይሻልህ ነበር። ስካርፉን ካደረገ በኋላ የክለቡ አስተዳደር እኔን አይመለከተኝም ያለው ራሱ ነው።

ብድር ብድር ትላለህ። እኛ ሰፈር ሚኒባስ የሚገዛው ሁሉ እንዴት ነው የሚገዛው? መኪናዋን አስይዞ ይበደራል፣ መኪናዋ ሠርታ ትከፍላለች። ረዳቱ ተነስቶ «ባለቤቷ እኔ ነኝ» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ከማንችስተር

ሚኒባሷን ስላነሱልኝ ደስ ብሎኛል። ጋሼ፣ ሚኒባስ የገዛ ሰው ቢያንስ ቅድሚያ ክፍያ ከኪሱ ያዋጣል፣ ጎማ ይቀይራል። ከጥቂት ዓመት በኋላም ብድሯ ያልቃል። የእኛዋ ሚኒባስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሠርታ ዕዳዋ አላለቀም። ጎማዋ አልቋል፣ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ባለቤት ተብዬው ግን ዕለታዊ ገቢውን አንድ ቀን አላስቀረም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሰፈርዎ ውስጥ ምን ይሉታል?

ዋንጫዎቹንም ለግሌዘር አይስጧቸው። ሮናልዶ የመጣው በ2003 ነው፣ ሩኒ በ2004። ሁለቱም ከእነሱ በፊት። ዋንጫው የአሰልጣኙ የፈርጉሰን ነው። በ2013 ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፤ የሊጉን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ያው ያኔ ነው።

ተቃውሞ ምን ያመጣል ላሉት፤ በ2016 የሊቨርፑል ባለቤቶች አንዱን ትኬት 77 ፓውንድ ሊያደርጉት አሰቡ። ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ ደጋፊው በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች ተነስቶ ወጣ። 2 ለ 0 እየመሩ ነበር፣ 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። በ2024 ደግሞ ጀርመኖች የቡንደስሊጋው ገቢ ላይ ባለሀብት ሊገባ ነው ሲባል የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታ አቋረጡ። ስምምነቱ ተሰረዘ።

ይህን ተዉትና፣ ነገ አንድ ነጋዴ ቅዱስ ጊዮርጊስን በጊዮርጊስ ስም ተበድሮ ቢገዛው ዝም ብለው ያያሉ?

ከአዲስ አበባ

እኔ የቡና ደጋፊ ነኝ። ጊዮርጊስ ቢሸጥ ድግስ ነው የምደግሰው።

ሲያሸንፍ የፈርጉሰን፣ ሲሸነፍ የግሌዘር። ይህ ሒሳብ ተመችቶሃል። የሊቨርፑልን ምሳሌ ስላመጣህልኝም እግዜር ይስጥልኝ። እነሱ ተነስተው ወጡ እንጂ ሌላውን አላገዱም። ዲኤስቲቪ ቤት የነበረው ሰው 90 ደቂቃውን አይቷል። ስለ ፖሊሱ ደግሞ እስካሁን ትንፍሽ አላልክም።

ለመሆኑ ተቃውሟችሁ ማንን አመጣላችሁ? ባለሀብቱን ጂም ራትክሊፍን። የፌይልስወርዝ ልጅ፣ የሰፈራችሁ ሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዩናይትድ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ ድርሻ ይዞ ገባ። አጨበጨባችሁለት። ከዚያስ? በመጀመሪያው ዙር ብቻ 250 ሠራተኛ ቀነሰ። የሠራተኛውን የነጻ ምሳ አስቀረ። ለፈርጉሰን ይከፈል የነበረውን እንኳ አቆመ። ትኬቱን በውድድር ዓመቱ አጋማሽ 66 ፓውንድ አደረገው። ግሌዘር እንኳ ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት አላደረገም።

ከልባቸው የተቆጡትን እኔ አውቃቸዋለሁ። በ2005 ጥለው ወጥተው «ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንችስተር» የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ሞስተን ላይ ሜዳ አላቸው። ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እናንተ ግን እየከፈላችሁ ታለቅሳላችሁ።

ከማንችስተር

ራትክሊፍን እኔ አልጠራሁትም። ከሁሉም የሚበልጠው ድርሻ አሁንም በግሌዘሮች እጅ ነው። እሱ ቢላዋውን ያዘ፣ ሙክቱ ግን የእነሱ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ነው ድርድሩ የፈጀው፤ ሼክ ጃሲም ከኳታር ሙሉውን ልግዛ ብለው መጡ፣ እነሱ አልለቅም አሉ።

ጥለህ ውጣ ይሉኛል። ጋሼ፣ ቤትዎ ሌባ ቢገባ ቁልፉን አስረክበው ሌላ ቤት ይከራያሉ? ኤፍሲ ዩናይትድ የሄደ ጓደኛ አለኝ። አከብረዋለሁ። አንድ ቀን ወስዶኝ አይቻለሁ፤ ሰዉ ደስ ይላል፣ ሻዩ ትኩስ ነው፣ ኳሱ ግን የእኔ አይደለም። እርስዎ ከዚያ ሁሉ ርቀት መተው ያቃትዎትን እኔ አጠገቡ ሆኜ እንዴት ልተወው?

«ቴሌቪዥን የሚያየው ሰው» ያልኩት ክፉ ንግግር ነበር። ይቅርታ። ሃያ ብሩን ግን ከእኔ አይጠብቁ፤ ሒሳቡን ከግሌዘር ጋር ይተሳሰቡ።

66 ፓውንዱ ለሽማግሌም ለሕፃንም ቅናሽ አልነበረውም። ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። በማርች 2025 አርሰናል ሲመጣ ደጋፊው ጥቁር ለብሶ ሰልፍ ወጣ። ልጄን ይዤ ነበር። እጄን ጎትቶ «አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ከአዲስ አበባ

ለልጁ የምትለውን አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን አንድ አጭር ጥያቄ አለኝ፤ በአዎና በአይደለም መልስልኝ። ከሰልፉ በኋላ 66 ፓውንዱን ከፍለህ ገባህ ወይስ ልጁን ይዘህ ወደ ቤት ተመለስክ?

ከማንችስተር

ገባን። ለእሱም ከፈልኩ። ጥቁራችንን እንደለበስን 1 ለ 1 ወጣን።