ችግሩ የጦርነት ማነስ አይደለም

ስለ ቴሌቪዥን ድራማው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ትችት የጻፈው ሰው ድራማው በሁለተኛው ሲዝን የቀዘቀዘው ጦርነት ስላነሰው ነው ብሏል። አልስማማም። እኔን ያንገበገበኝ የንግሥቲቱ የአሊሰንት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሲዝን የልጇ የኤይመንድ ዓይን ሲጠፋ ጩቤ ይዛ የዙፋን ተቀናቃኟ ራኒራ ላይ የዘመተች እናት ናት! በ2024ቱ ሲዝን መጨረሻ ግን የራኒራ ምሽግ ድራጎንስቶን ድረስ በድብቅ ሄዳ በሌላው ልጇ፣ በንጉሡ በኤጎን ሞት ተስማማች። ሰው ይለወጣል፣ ይሄ ያለ ነው። ግን ስትለወጥ ማየት ነበረብን። ሐይቅ ውስጥ ስትንሳፈፍ ማሳየት አይበቃም። የራኒራ ባል ዴመን ደግሞ ሃረንሃል የሚባል ምሽግ ውስጥ ሲቃዥ ስንት ክፍል በላ! ሲዝኑ ከ10 ወደ 8 ክፍል ወርዶ እያለ። ከእሱ ቀንሰው ለአሊሰንት ልጅ ለሄሌና ቢሰጧትስ? ልጇ ታርዶባት ሐዘን እንኳን በወጉ አልተቀመጠችም።