ክፈትለት!

ሐዋሳ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የቆመ ባለባጃጅ ሁሉ ካፒቴን ነው። አውሮፕላን አየር ላይ ነዳጅ አለቀበት የሚል ወሬ ሲነሳማ ሰልፉ በአንድ ጊዜ አጣሪ ኮሚቴ ይሆናል። አንዱ «ሪዘርቭ የለውም እንዴ?» ይላል። ሌላው «እኔ ብሆን ደውዬ በሃይላንድ አስመጣ ነበር» ይላል፤ ወደ ሰማይ ማን እንደሚያደርስለት የሚጠይቀው የለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ያለቀበት ሳይሆን ያፈሰሰው ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1993 ዓ.ም. ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን የሚበር ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ላይ ሳለ የቀኝ ሞተሩ የነዳጅ ቱቦ ተሰንጥቆ ማፍሰስ ጀመረ። ሞተሩ ገና መቀየሩ ነበር፤ የማይገጥም የሃይድሮሊክ ቱቦ አስገብተውበት ከነዳጁ ቱቦ ጋር ሲፋተጉ ከርመዋል። አብራሪዎቹ ያዩት መልእክት ግን «ያፈስሳል» አይልም፤ የግራና የቀኙ ነዳጅ አልተመጣጠነም ነው የሚለው። እነሱም ሁለቱን ወገን የሚያገናኘውን ቫልቭ ከፈቱት። የደህናው ነዳጅ ወደሚያፈሰው ሄዶ ባሕር ላይ ተንቆረቆረ። ቀኙ ሞተር ጠፋ፣ ግራው ተከተለ። ያለ ሞተር 19 ደቂቃ ያህል ተንሳፍፈው አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፉ፤ ከ306ቱ ሰው የሞተ የለም። ተመስገን ነው።

የበረራ ደንቡ ግልጽ ነው፦ ፍሳሽ ከጠረጠርክ ቫልቩን እንዳትነካ። የእኛ ሰፈር፣ የሐዋሳው አቶቴ፣ ደንብ ደግሞ አንድ ቃል ናት፦ ክፈትለት!

የአጎቴ ልጅ ሱቅ ከፈተ፣ ጎደለው፣ ሰጠሁት። ደግሞ ጎደለው። ቆጠብ ስል ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «አንተ ልጅ፣ ያንተ ሞልቶ የወንድምህ ሲጎድል እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉኝ። የኤርባሱ ኮምፒዩተርም ያለው ይህንኑ ነው።

ባለቤቴ አቦሉን እየቀዳች «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚጎድለው በየት በኩል ነው?» አለች።

የሁሉም ዓይን ወደ ዘመዴ ዞረ። ከሸሚዙ ኪስ የኳስ ውርርድ ቲኬት ብቅ ብሏል፤ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በላስቲክ የታሰረ ጥቅል ነው። በእጁ ሸፈን አደረገው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱስ ይታያል። ቢሆንም ዘመድ ነው፤ ለዛሬ ክፈትለትና ቀዳዳው በኋላ ይፈለጋል።»

ባለቤቴ ቶናውን ስትቀዳ የዘመዴን ሲኒ ዘለለችው።